ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመለመን

አባቴ ሲያርፍ የቀረልኝ ንብረት ልጆቼ የሚስቁበት አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ገንዘብ የለበትም፤ የሞላው የካርቦን ግልባጭ ነው። መካነ ሰላም የወሎው ቦረና አውራጃ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን አባቴ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር የሚቀመጥ ራፖር ጻፊ ነበር። ጠረጴዛውን ከባሕር ዛፉ ጥላ ጋር እያዞረ ጠዋት በአንዱ ወገን፣ ከሰዓት በሌላው ይውላል። የሚጽፈውን ሁሉ በሁለት ቅጂ ይጽፋል፤ አንዱ ለባለጉዳዩ፣ አንዱ ለሳጥኑ። ለምን እንደሚያስቀር ሲጠየቅ «ነገ ‘እንዲህ ብለህ ጻፍክብኝ’ የሚለኝ አይጠፋም» ይል ነበር።

የመሬቱንና የደሙን ክስ አይጥ ጨረሰው። የተረፈው ከሥር የነበረው የሥራ ማመልከቻ ነው። አንድ ክረምት ዝናቡ መንገዱን ዘግቶ ከጽሕፈት ሱቄ ደንበኛ የጠፋ ጊዜ በየዓመቱ ለይቼ ደረደርኩት። በ1950ዎቹ የተጻፉት ሁሉ ርእሳቸው «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመለመን» ይላል። ከ1967 ወዲህ መለመን ይጠፋና «ስለመጠየቅ» ይሆናል። እኔ በተራዬ ለሰው መተየብ ስጀምር «ስለማመልከት» እል ነበር። ዛሬ ደግሞ ጉዳዩ የሚባለው መስመር ራሱ የለም። ሥራ ፈላጊዎቹ ልጆች ፍላሻቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይመጡና «ጋሼ፣ ሲቪዬን አሳምርልኝ» ይሉኛል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ «አሳምርልኝ» የምትለዋ ቃል ናት። ማሳመሩን ኮምፒዩተር ያመጣው ይመስላቸዋል። እኔ ሳጥኑን አይቻለሁ።

ከወረቀት በፊት ሰው ራሱን ለጌታ የሚያስታውቅበት መንገድ ሁለት ነበር፤ አንዱ ጮክ ብሎ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ። ጮክ ያለው ፉከራ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ የሚባለው አዳራሽ ዛሬም አለ። ግብር ሲገባ፣ ጠጁ ሲዞር፣ አንዱ ብድግ ይልና «ዘራፍ!» ይላል። የማን አሽከር እንደ ሆነ፣ የት የት እንደ ዘመተ፣ ምን ግዳይ እንደ ጣለ ይዘረዝራል። ጌታውንም በፈረስ ስሙ ያነሣል፤ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ልብ ብሎ ላየው የዛሬው ሲቪ ያለው ሁሉ አለበት፤ የቀድሞ አሠሪ፣ የሥራ ልምድ፣ ልዩ ችሎታ። የሚለየው አዳራሹ ነው። አብሮት የዘመተው ሰው እዚያው ከጎኑ ተቀምጧል። ባልዋለበት ጦር ሜዳ ዋልኩ ካለ፣ ያ ሰው ብርሌውን ያስቀምጥና ቀና ብሎ ያየዋል። ከዚያ ዓይን ወዲያ ሌላ ማጣሪያ አያስፈልግም ነበር።

ዝቅ ያለው መንገድ የቁም ጸሐፊው ነው። በእኛው በቦረና በኩል ጋሥጫ አለ፤ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ የሚታወሱበት ገዳም። እንዲህ ባሉ ገዳማት ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ወራት ሙሉ ጎብጦ የጻፈ ሰው በመጨረሻው ገጽ ስሙን ቢያነሣ እንኳ «ኃጢአተኛው» ብሎ ነው የሚያነሣው፤ አንባቢው እንዲጸልይለት ይለምናል። ችሎታዬ ይህ ነው አይልም። ችሎታው ከአንባቢው ፊት ተዘርግቷል፤ ምን ይጨምርበታል?

ከሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነበረ፤ ምስክር። ድጓ የዘለቀ ተማሪ ቤተልሔም ወርዶ፣ ዝማሬ መዋሥዕት የዘለቀ ዙር አባ ሄዶ ያስመሰክራል፤ ሁለቱም ጋይንት ናቸው። ቅዳሴ ከሆነ ደግሞ ወሎ ውስጥ ሰላልኩላ አለ። ከመምህሩ ፊት ቀርቦ፣ ተፈትኖ፣ «ተመሰከረለት» ሲባል ነው ሰውየው መምህር የሚሆነው። ከዚያ በኋላ የትም ደብር ቢደርስ የሚጠየቀው «ምን ተማርክ?» ሳይሆን «የማን ተማሪ ነህ?» ነው። በእስልምናውም ወሎ ያው ናት። ደረሳው ኪታቡን ሼኹ ፊት ቀርቶ ሲጨርስ ኢጃዛ ይሰጠዋል፤ ሼኹ ከማን ቀራ፣ ያም ከማን ቀራ ተብሎ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ይቆጠራል። በኢጃዛው ላይ የሚከብደው የተማሪው ስም ሳይሆን ከላዩ ያሉት ስሞች ናቸው።

ዛሬ ሰርተፊኬትን «የምስክር ወረቀት» የምንለው ከዚህ የተረፈ ልማድ ይመስለኛል። ወረቀቱ በሽ ነው፤ የጎደለው ምስክሩ ነው። አባቴ ፍርድ ቤት ደጃፍ ሰላሳ ዓመት ሲቀመጥ አንድ ነገር ይታዘብ ነበር። ምስክር ቆሞ ነው የሚናገረው። ተቀምጦ የሚመሰክር ሰው አያምንም፤ «እግሩ ያልቆመለትን ምላሱ ምን ብሎ ይቆምለታል?» ይላል።

ማመልከቻ ከተነሣ መቅደላን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ አምባው ከእኛ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ እንዳነገሣቸው ገለጹ፤ ቱርክን አማረሩ፤ መልእክተኞቻቸው በደኅና የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻችላቸው ጠየቁ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፣ ፋይል ገባ፣ እዚያው ቀረ። መልስ ሲዘገይ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ከዚያ ናፒየር ጦር ይዞ መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነው ሆነ። አባቴ ይህን ታሪክ «መልስ የተነፈገው ማመልከቻ» ነበር የሚለው። ባለጉዳይ መልስ ዘገየብኝ ብሎ ሲያማርር ይተርክለትና «አንተ ግን መድፍ የለህም፤ ነገ ተመለስ» ይለዋል።

ደሞዝ የሚቆረጥለት የመንግሥት ሥራ ወደ እኛ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ መሥሪያ ቤት የሚባለው ነገር ተጀመረ፤ መግቢያው ግን ለረጅም ጊዜ የድሮው ደጅ ጥናት ነበር። ደጅ ጥናትን ሰው ሲሰድበው እሰማለሁ። ስድቡ ይገባዋል፤ ስንቱ ጎልማሳ ጫማው እስኪያልቅ ደጃፍ ቆሟል። ሆኖም አንድ ነገር ነበረው። ጌታው ሳያናግርህ ያይሃል፤ ከማን ጋር እንደምትውል፣ ሲርብህ እንዴት እንደምትሆን፣ ሌላው ሲሾም ፊትህ ምን እንደሚመስል። ያሁኑ ኢንተርቪው ሩብ ሰዓት ነው፤ ሩብ ሰዓት ደግሞ ማንም ሰው ጨዋ መሆን ይችላል።

በዚያው ዘመን ምኒልክ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያሉ መሳደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ አልዘለቀም። ይህን የማውቀው ከታሪክ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። መቶ ዓመት አልፎት ኮምፒዩተሬ ፊት የሚቀመጠው ልጅ አባቱ ሸማኔ ሆኖ፣ እሱም እስከ 10ኛ ክፍል ድር እያደራ የተማረ ሆኖ፣ የሥራ ልምድ ስለው «የለኝም» ይላል።

ጋዜጣው አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ግን መካነ ሰላም የሚደርሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር። ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ያኔ መንገዱ በክረምት መንገድ አይባልም። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥር በአንድ ማዕከል የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲያ ፎርም የሚባለው ነገር በዛ፤ «ፐርሶኔል» የሚለው ቃል እንደ ሹመት ስም ይፈራ ጀመር። የሳጥኑ ወረቀት የሚበዛው ከዚህ ዘመን ነው። አንዱን ላንብብላችሁ፤ ስሙን ትቼዋለሁ።

«ዕድሜዬ 22 ዓመት የሆነ፣ ከ6ኛ ክፍል ትምህርቴን ያቋረጥኩ፣ እናትና አባቴ በሞት የተለዩኝ፣ ጧሪ ቀባሪ የሌለኝ ምስኪን ስለሆንኩ፣ መሥሪያ ቤቱ ችግሬን ተመልክቶ ከዘበኝነት ጀምሮ በተገኘው ሥራ ላይ እንዲያሰማራኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።»

ጽሕፈት ቤት የሚወደው፣ ልብ የሚነካ ነው። ችግሩ፣ ይህ ልጅ እናትም አባትም ነበረው። አባቴ በማመልከቻ ላይ የገደለው ወላጅ ብዛት ለወረርሽኝ ይበቃል! አንድ ቀን የልጁ አባት እዚያው ቆሞ ሲነበብለት እየሰማ «እኔም ልሙትለት ግዴለም፣ ጻፈው፤ ብቻ ልጄ ይቀጠርልኝ» አለ ብሎ ይስቅ ነበር። እንግዲህ ይህ ነው የዚያን ዘመን ማሳመር። ልጁ በእርፍ የጎበዘ፣ በሒሳብ ያልታማ፣ ከጎጃም በአባይ ሸለቆ በኩል አጋሰስ ነድቶ የሚነግድ መሆኑ አንድ ቦታ አልተጻፈም። አባቴ መሥሪያ ቤት የሚቀጥረው የሚያዝንለትን እንጂ የሚጠቅመውን አይመስለውም ነበር፤ ከቁም ጸሐፊው የወረሰውም ቋንቋ ዝቅ የሚለውን ነው። ዘራፍን ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ማንም አላስተማረውም።

በዚያን ጊዜ ወረቀቱ ባዶውን ሄዶም አያውቅም። ተያዥ አለ፤ ዋስ የሚሆን፣ ንብረቱ የታወቀ ሰው። የአገር ሽማግሌ ቃል አለ። ማመልከቻው የሚያለቅሰውን ያለቅሳል፤ እውነቱን የሚናገር ሰው ግን አብሮ ደጃፍ ድረስ ይሄዳል።

አብዮቱ ሲመጣ አባቴ ወላጅ መግደሉን ተወና ወላጅ ማደኽየት ጀመረ። ፎርሙ የመደብ አመጣጥ ይጠይቃል። አራት ጥማድ በሬ የነበረው ሰው ልጅ «የድሃ ገበሬ ልጅ» ሆነ፤ የባላባት የልጅ ልጅ «የጭሰኛ ልጅ»። ሰውን የማልፈርድበት አብሬው ስለኖርኩ ነው፤ በ1966ቱም በ1977ቱም ድርቅ ወሎ ውስጥ ድሃ አይደለሁም ማለት ራሱ ቅንጦት ነበር። ከማመልከቻው ግርጌ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ይጻፋል። ወደ ኢሠፓ ለሚገባ ደግሞ ግለ ታሪክ የሚባል ነበር፤ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ በእጁ ጽፎ የሚያቀርብበት። አንድ መምህር ግለ ታሪኩን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች ሆኑበት፤ አባቴ ዘንድ መጥቶ «የትኛው ነኝ?» አለው። ለተመረቀ ሰው ግን ማመልከቻ የለም፤ ምደባ ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ መንግሥት መድቦ ወደ ላከው ቦታ ይሄዳል። ሲቪ ሳይጽፉ ጡረታ የወጡ ባለዲግሪዎች ከተማችን ውስጥ አሉ፤ ልጆቻቸው አያምኗቸውም።

እኔ 12ኛ ክፍልን ደሴ ወይዘሮ ስኂን ጨርሼ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ሲቀር ታይፕ ተማርኩ። ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ በእሳቸው ስም ነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ቀድመው ከደከሙት አንዱ ኢንጂነር አያና ብሩ ይባላሉ። እኔ የተማርኩበት ኦሊቬቲ ፊደሉን በአንድ ምት አይጨርሰውም፤ ዋናውን መትተህ ቅጥያውን ለብቻ ትመታለህ። «ሲ» ብለህ ቅጥያዋን ከረሳህ «ሰ» ሆና ትቀራለች። አንድ ባለጉዳይ «ሠርቻለሁ» ያለው «ሠርቻለህ» ሆኖበት ተመልሶ መጥቶ «ማንን ነው የምታመሰግን?» ብሎ ተቆጥቶኛል። የመንግሥት ታይፒስት ሆኜ ስድስት ዓመት ሠራሁ፤ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ ወጣሁና ሱቄን ከፈትኩ።

ሲቪ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለምዝገባ ሠራተኛ ማስታወቂያ ለጥፎ «ሲቪ ይዞ መቅረብ» ይላል። የቦረና ልጅ፣ አሥረኛን የጨረሰ፣ ወረቀቱን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ሲቪ የሚሰጠው የትኛው ቢሮ ነው?» አለኝ። እኔም አላውቅም። ተያይዘን ቀበሌ ሄድን። የቀበሌው ጸሐፊ ትንሽ አሰብ አደረገና «እኛ አንሰጥም፤ ጽፋችሁ አምጡና ማኅተም እናደርግላችኋለን» አለ። ጻፍኩ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የተወለደበት ቀበሌ፣ ክፍል። ከሥሩ ክብ ማኅተም ተመታበት። ድርጅቱ ማኅተም ያለበት ሲቪ አይቶ እንደማያውቅ ልጁ በኋላ ነገረኝ። ተሳስቀንበታል። ልጁ ግን ተቀጠረ።

ያ ማኅተም ዛሬ ድረስ ያሳስበኛል። ቀበሌው አልተሳሳተም። ሰው ስለራሱ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ፈርሞ፣ ማንም ሳይመሰክርለት የሚያቀርበው ወረቀት ለእኛ ሰው ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ምስክር ሲያጣ ማኅተም ፈለገለት።

ፈረንጁም ቢሆን ብቻውን አልጻፈውም። ሊዮናርዶ ዳቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ሥራ ፈልጎ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ ብዙዎች የመጀመሪያው ሲቪ ይሉታል። ድልድይ፣ መድፍ፣ ምሽግ ማፍረሻ እያለ በቁጥር ይዘረዝራል፤ ሥዕል መቻሉን የሚያነሣው መጨረሻ ላይ ነው። ስፎርዛ የሚፈልገው ጦር መሣሪያ መሆኑን ስላወቀ። ይህን ሁሉ ሰው ያወራዋል። እኔን ያስደሰተኝ ሌላ ነው፤ የተረፈው ረቂቅ የእጅ ጽሑፉ የሊዮናርዶ አይደለም ይላሉ ያጠኑት። ራፖር ጻፊ ነበረው ማለት ነው! አባቴ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ይቆጨኛል።

ኮምፒዩተር ስገዛ መጀመሪያ የጫንኩት ፓወር ግእዝን ነበር። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ሥራዬ ተቀየረ፤ የመሬት ክስ ቀረና የምርቃት ወቅት መጣ። ሲቪ ማስተካከል እዚህ አገር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ።

ከአድራሻው ይጀምራል። «ቦረና» ብለህ ብቻ ከጻፍክ አዲስ አበባ ያለው ቀጣሪ ደቡብ ያለችውን ቦረና ያስባል። አንዱን የእኛን ልጅ ኢንተርቪው ላይ «በኦሮምኛ ራስህን አስተዋውቅ» ብለውት ተንተባትቦ ወጥቷል። ስለዚህ «ደቡብ ወሎ» መቅደም አለበት። ከዚያ ዘመን አቆጣጠር። ምርቃቱ 2012 ዓ.ም.፣ የተወለደበት ደግሞ በፈረንጅ 1998 ተብሎ ተቀላቅሎ ይጻፋል፤ ልጁ በ14 ዓመቱ የተመረቀ ይመስላል። ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር አድርጌ ከጎኑ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. እላለሁ። የልደት ቀን ከሆነ የቦረና ገጠር ልጅ ሁሉ የተወለደው መስከረም 1 ቀን ነው። እናቱን ብትጠይቅ «ገብሱ ሲያሸት» ትላለች፤ የእሷ ይበልጥ እውነት ነው፤ ፎርሙ ግን አይቀበለውም። አሁን ፋይዳ መታወቂያ ከመጣ ወዲህ አንድ ቀን ተመርጦ ጸንቷል።

ከባዱ ግን የሥራ ልምዱ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ያለፈ ልጅ ይመጣል፤ ዲግሪው አለ፣ ልምድ ይባልና ዝም ይላል። እኔ እንደ መርማሪ እጠይቀዋለሁ። በዕረፍት ምን ትሠራለህ? «ምንም። አባቴን አግዛለሁ።» ስንት በግ አላችሁ? ማን ይሸጣል? «እኔ።» የዕድሩን መዝገብ ማን ይጽፋል? «እኔ።» ስንት አባል? «መቶ ሰላሳ።» ብሩ ጎሎ ያውቃል? ይናደዳል፤ «ኧረ ጋሼ! ምን ማለትህ ነው?» ይኸው ዘራፉ ከዚህ ላይ ወጣ እላለሁ በልቤ፤ እጽፈዋለሁም፤ የ130 አባላት ዕድር መዝገብና ገንዘብ ለሦስት ዓመት ያለጉድለት የያዘ። ሲያነበው ያፍራል። «ይህ እኮ ሥራ አይደለም» ይላል። እኔም የማስተካክለው ሲቪውን ነው ወይስ ልጁን፣ አንዳንዴ አይለየኝም።

በሌላ በኩል የሚመጡት ደግሞ ያለ ልክ የሚፎክሩ ናቸው። ስልካቸው ላይ ባለው ኤአይ አስጽፈው በጠራ እንግሊዝኛ ያመጣሉ። «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምችል፣ ጫና የምቋቋም» የሚል ሃያ ሲቪ በአንድ ሳምንት አትሜያለሁ፤ ሃያውም አንድ ሰው ናቸው። የአባቴ ሙት ወላጆች ትዝ ይሉኛል፤ እነሱ እንኳ ለየብቻ ነበር የሚሞቱት። ፎርጅድ የትምህርት ማስረጃ አትምልኝ ብሎ የመጣብኝ አለ፤ በር አሳይቼዋለሁ፤ ሌላ ቦታ እንዳገኘ ግን አውቃለሁ። መንግሥት ማስረጃ ማጣራት የሚለው ዘመቻ በየጊዜው የሚያነሣው ለዚህ ነው። በአይጠየፍ አዳራሽ በአንድ ዓይን የሚያልቀው ነገር ዛሬ ኮሚቴ ይፈልጋል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ወደ አባቴ ዘመን ተመለስን። ሲቪ ታትሞ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ደሴ ይሄድ ነበር፤ መንገዱ ሲከፈት። ረዳቱ «መልሱንስ ላምጣ?» ይለን ነበር፤ ቀልዱን መሆኑን ሳናውቅ የምንጠብቅም ነበርን።

አሁን ስለ አንዲት የሳይንት ልጅ ልንገራችሁ። ባለፈው በጋ የመጣች ናት። ዕድሜዋ 27፤ ኮምቦልቻ ላለ ሆቴል የክፍል አገልግሎት ኃላፊ ሆና ልታመለክት ነው። ሲቪዋ ላይ 12ኛ ክፍል አለ፤ ከዚያ አምስት ዓመት ባዶ፤ ከዚያ የአንድ ዓመት የሆቴል ሥልጠና።

«ይህ ባዶው ምንድን ነው?»

«እሱ ይለፍ ጋሼ።»

ወሎ ውስጥ አምስት ዓመት ባዶ ካየህ ወይ ሳውዲ ነው ወይ ቤሩት። የኤጀንሲ ሲቪም አትሜ አውቃለሁ፤ ሙሉ ቁመና ፎቶ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ሃይማኖት፣ ልብስ መተኮስ ትችላለች፣ ሕፃን ትይዛለች። በዚያ ወረቀት ላይ ልጅቱ ራሷ አንድ ቃል አትናገርም። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞው ታግዶ ነበር፤ በ2008ቱ አዋጅ ደግሞ 8ኛ ክፍል የጨረሰች ትሂድ ተባለ። ዕገዳውም አዋጁም ሳይጠይቃት በደላላ የሄደችው ግን ብዙ ናት። ይህችም እንደዚያ ሳውዲ ሄዳለች። ክርስቲያን ናት፤ ፓስፖርቷ ላይ የሙስሊም ስም ነበራት። ለወሎ ይህ ጉድ አይደለም፤ በአንድ ቤት መሐመድም ገብሬም ያድጋል።

«ምን ትሠሪ ነበር?»

«አሥራ አንድ ሰው ያለበት ቤት ነው። አሮጊቷ በሽተኛ ናት፤ መድኃኒቷን በየሰዓቱ የምሰጥ እኔ ነኝ። ሦስት ሠራተኛ ከበታቼ ነበረ፤ እኔ ነበርኩ የማሠራ። አረብኛ ማንበብም ለመድኩ።»

«ይህ እኮ የምታመለክችበት ሥራ ራሱ ነው!»

«ነው። ግን ያንን የሠራችው ሌላ ናት፤ ስሟ የእኔ አይደለም። ወረቀት አምጪ ቢሉኝ ከየት አመጣለሁ?»

ብዙ ጊዜ ዝም አልኩ። ከዚያ ጻፍኩት፤ ቤቱን፣ አሥራ አንዱን ሰው፣ መድኃኒቱን፣ ሦስቱን ሠራተኛ፣ አረብኛውን። ሰነዱ በሌላ ስም እንደሆነም በአንድ መስመር አስገባሁ፤ እሷ «ይቅር» አለች፣ እኔ «ይግባ» አልኩ። ተከራከርን። መጨረሻ ላይ «አብሽር፣ አንቱ ካሉ» አለችኝ፤ አንቱ ያለችኝ ተናዳ መሆኑን ለይቻለሁ። ከሥር ስለ አመልካቿ የሚመሰክር ሰው ስምና ስልክ የሚል መስመር አለ። አስተማሪዎቿ ተበታትነዋል። የሳውዲዋ እመቤት አይደወልላትም። እናቷ ስልክ የላትም፤ ግን እናቷን አውቃታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላል ይዛ ከሳይንት የምትመጣ፣ አንድ ጊዜ የጎደለ ሳንቲም ልትመልስልኝ ሦስት ሰዓት በእግሯ የተመለሰች ሴት ናት። ልጅቱንም ከጡት ጀምሮ አይቻታለሁ።

ስልኬን ጻፍኩ።

አሥራ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የወንድ ድምፅ፣ ትሑት፣ የቢሮ። «ጌታዬ፣ ስለ አንዲት አመልካች ነበር። እውነቱን ለመናገር ግራ ገብቶናል፤ በሁለት ስም ነው ያለችው፤ ለአምስቱ ዓመትም ወረቀት የላትም። አንቱ በደንብ ያውቋታል?»

ሱቁ ውስጥ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ ቀና ብለው አዩኝ። ስልኩን በጆሮዬ እንደ ያዝኩ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። መቼ እንደ ተነሣሁ አላወቅሁም።

«አውቃታለሁ» አልኩት። «ከእናቷ ልጀምር ወይስ ከእሷ?»